ቃሊቲ ሳይዘንብ ወንዙ ለምን ይሞላል?

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት በሩን ከፍቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ይዘንብ ይሆን? ለቃሊቲ ነዋሪ ግን ይህ የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። አካባቢው በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ስለሚገኝ ከራሱ ሰማይ የሚወርድበት ዝናብ አለ፤ ከላይ ከእንጦጦና ከወጨጫ ተጠራቅሞ የሚመጣበት ደግሞ ሌላ ውሃ አለ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካሉት ሳምንታት አንዱን መርጦ ለተከታተለ ሰው ሁለቱም በደንብ ይታዩታል።

በእንዲህ ያለ ሳምንት ሰባቱ ቀናት አንድ ዓይነት አይደሉም። ገሚሶቹ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ዶፍ የሚጥልባቸው ናቸው። ሌሎቹ ገና ሲነጋ ጀምሮ ሰማዩ ተዘግቶ ካፊያው ሳያቋርጥ ይውልባቸዋል። እንደ ዳመነ ውሎ ማታ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ የሚያልፍም አለ። አልፎ አልፎ ደግሞ ጨርሶ የማይዘንብበት ቀን ይገኛል፤ ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ያጥባል፣ ባዶ የቀረ የማስጫ ገመድ አይገኝም።

በዶፉ ቀን የሚሆነው እንዲህ ነው። ሌሊት ደመናው ሳስቶ ካደረ የጠዋት ፀሐይ መሬቱን በቀጥታ ታገኘዋለች። ትናንት የራሰው መሬት ይሞቃል፣ ውሃው ይተናል፣ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይነሣል። ዙሪያችን ደግሞ ተራራ ነው፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር። አየሩ የተራራውን ገጽ ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም የያዘው እንፋሎት ወደ ጠብታ ይለወጣል። 5 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ያየ ሰው በእንጦጦ አናት ላይ ነጭ ደመና ሲቆለል ይመለከታል። 7 ሰዓት ሲሆን የደመናው ሆድ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ በአንዱ ነፋስ ይነሣል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ዶፉ ይወርዳል።

ስለዚህ በክረምት ብሩህ ጠዋት ለቀኑ ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ፀሐይዋ ረፋድ ላይ ቆዳ የምታቃጥል ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የበረታ ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ሰዎች «ይቺ የዝናብ ፀሐይ ናት» ሲሉ ልማድ ብቻ አይደለም የሚናገሩት፤ ለዶፉ ጉልበት የምትሰጠው እሷው ናት። ልብስ የሚያሰጣ ሰው በማለዳ አስጥቶ 7 ሰዓት ሳይሞላ ቢሰበስብ ይሻለዋል።

የካፊያው ቀን አሠራር ሌላ ነው። ወፍራም የደመና ንጣፍ ሰማዩን ሸፍኖ ስለሚያድር ፀሐይ መሬቱን አታሞቅም፣ ወደ ላይ የሚነሣው አየርም ጉልበት የለውም። ዝናቡ ቀስ እያለ፣ ሳይበረታም ሳያባራም ይውላል። ማታ ላይ ሰው ሁሉ «ዛሬ እኮ ቀኑን ሙሉ ነው የዘነበው» ይላል፤ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ዶፍ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ለጫማና ለትራንስፖርት ሰልፍ ካፊያው የባሰ ነው፤ ለጎርፍ ግን የሚያሠጋው ዶፉ ነው።

ዶፍ የሚያወርደው ደመና ስፋቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው። ሳሪስ አቦ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ቱሉ ዲምቱ አቧራ ሊነሣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ እያበራች ዝናብ ሲጥል፣ ልጆች ጅብ ወለደች የሚሉት፣ ያው የደመናው ጠባብነት ያመጣው ነው፤ ዝናቡ አናታችን ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ደግሞ በምዕራብ በኩል ከደመናው ጠርዝ ውጭ ሆና ታበራለች። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ስለሚወጣ ከሰዓት በኋላ ቃሊቲ ላይ ቆሞ ሊያየው የፈለገ ሰው ፊቱን ወደ የረር ማዞር አለበት።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ከአካባቢው ትነት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ የሰሜንና የደቡብ ንፍቀ ክበብ ነፋሳት የሚገናኙበት፣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ መቀነት አለ። ይህ መቀነት ፀሐይን እየተከተለ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ዘልቆ ስለሚሄድ ከኋላው እርጥብ ነፋስ ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ይገባል፤ ከፊሉ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ፣ ከፊሉም ከህንድ ውቅያኖስ። ነፋሱ ከደጋው ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀደም ሲል ያልነው ነው። በበጋ መቀነቱ ወደ ደቡብ ሲመለስ ከዓረቢያ በኩል የሚመጣው ደረቅ አየር ቦታውን ይይዛል።

እዚህ ላይ ሩቅ ያለ ባሕርም ድርሻ አለው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው ሲከሠት፣ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ሰሜናዊና ማዕከላዊ ክፍል የክረምቱ ዝናብ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኗል።

ሐምሌ ላይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ መተንፈስ እንዳቃተው ሲያወራ እዚህ ያለው ሰው ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ነው የሚሰማው። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ሁሉ ቀኑ የሚቀዘቅዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ከፍተኛው የሙቀት መጠን 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ቃሊቲ ከመሀል ከተማ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ይሞቃል። በግምት 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና በእንጦጦና በአቃቂ ሜዳ መካከል ያለው ልዩነት በቆዳ የሚታወቅ ነው። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። የክረምት ሌሊት ከኅዳርና ከታኅሣሥ ሌሊት ይልቅ ይሞቃል፤ ደመናው መሬቱ የሚለቀውን ሙቀት ወደ ሕዋ እንዳያመልጥ ስለሚይዘው። የኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ መያዣ የለውም፣ ውርጩም የሚመጣው ያኔ ነው። ክረምት ብርድ ብርድ የሚለን ቀኑ ስላልሞቀና ልብሳችን ስለረጠበ ነው።

በረዶም ከዚሁ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርደው ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ከተማ ያ በጣም ሩቅ ነው፤ ደመናው ውስጥ የተሠራው በረዶ መሬት ሳይደርስ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ቃሊቲ ግን ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስላለች በረዶው ለመቅለጥ የሚያገኘው መንገድ ከ3,000 ሜትር ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሽምብራ ፍሬ ሆኖ ቆርቆሮው ላይ ይደርሳል። መብረቅ ካለ ርቀቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ብልጭታውን ካየንበት እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለ3 ማካፈል ነው፣ የሚገኘው በኪሎ ሜትር ነው። ውጤቱ ከ10 በታች ከሆነ ከዛፍ ሥርና ከሜዳ መውጣት፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

በቴሌቪዥን «25 ሚሊ ሜትር ዝናብ» ሲባል ብዙ ሰው ትንሽ ይመስለዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት 25 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 1,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል አምስት ጊዜ የሚሞላ ውሃ ያወርዳል። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ እያንዳንዳቸው በአማካይ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ለአንድ ሳምንት ሲካፈል 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለዚያው ጣሪያ 12 በርሜል። አቃቂ ቃሊቲ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች ያነሰ ቢዘንብበትም ውኃው ብዙ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጣሪያ አሸንዳ ሠርቶ በርሜል የሚደቅን ሰው የሚያገኘው ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ውሃ የጣሪያውን አቧራ እስኪያጥብ መልቀቅ ብቻ ነው።

ዝናቡን ራሱ መለካት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ግድግዳና ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ጣሳና የተማሪ ማስመሪያ ነው። የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃል። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጎ፣ እንዳይወድቅ በድንጋይ ደግፎ ማቆም፤ ከዚያ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውሃውን ከፍታ በሚሊ ሜትር አንብቦ መድፋት። 3 ሰዓት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ጣቢያዎችም የዕለቱን ዝናብ የሚያነቡት በዚያ ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት የሚውሉ ልጆች ይህን ሥራ ሲይዙ የካፊያውንና የዶፉን ልዩነት ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል።

አሁን ወደ ወንዙ እንምጣ። ትልቁ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለትና ከለገዳዲ በኩል ተነሥቶ በምሥራቁ ወገን ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከገፈርሳና ከወጨጫ በኩል መጥቶ በምዕራቡ ወገን ያልፋል። የአዲስ አበባ ጅረቶችና የጎርፍ መውረጃዎች ከእነዚህ ወደ አንዳቸው ይገባሉ፣ ሁለቱም ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ከእኛ በታች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ገብተው በአፋር በረሃ አቋርጠው ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃሉ፤ የቃሊቲ ዝናብ ባሕር አያይም።

እንግዲህ እንጦጦ ላይ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዶፍ ቢጥል፣ ቃሊቲ ደግሞ ደረቅ ብትሆን የሚሆነውን ማሰብ ነው። በላይኛው ከተማ አፈሩ በአስፋልት፣ በኮብልስቶንና በቆርቆሮ ስለተሸፈነ ውሃው ወደ መሬት የሚሰርግበት ቦታ ያጣል። ገደሉም ያፈጥነዋል፤ ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ቁልቁለት ከ900 ሜትር በላይ ነው። ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 25 ኪሎ ሜትር ለመውረድ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። 9 ሰዓት ላይ እንጦጦ የጣለው ዝናብ ወደ ምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ጊዜ፣ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ከቀትር በኋላ ሰሜኑ ጠቁሮ ካየን፣ አናታችን ላይ አንዲት ደመና ባትኖርም፣ የዚያን ቀን ማታ ወንዙን በእግር መሻገር አይገባም።

ይህ የቃሊቲ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ ጉልበቱን ያገኘው በላይኛው የሐረርጌ ደጋ ላይ ከጣለው ዝናብ ነበር። ተኝተው የነበሩ ሰዎችን ነው የወሰደው።

ሌላም የላይ ጉዳይ አለ። ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡት የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች በእነዚሁ ወንዞች ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። ነሐሴ ላይ ግድቦቹ ሲሞሉ ትርፉ ውሃ ይለቀቃል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከመልቀቁ በፊት ከግድቦቹ በታች ያለ ነዋሪ እንዲጠነቀቅ በመገናኛ ብዙኃን ያስታውቃል። ማስታወቂያው ስለ ለገዳዲ ስለሚያወራ ብዙ የአቃቂ ሰው እሱን የሚመለከት አይመስለውም፤ በዋነኛነት የተጻፈው ግን ለእሱ ነው።

ከሰፈር ውስጥ ለሚነሣው ጎርፍ ደግሞ ትልቁ ተጠያቂ ዲቹ ነው። ጎርፉ ሲጎድል ዲች ውስጥ የሚቀረውን አይቶ መረዳት ይቻላል፦ ሀይላንድ፣ ፌስታል፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ፣ አንዳንዴም የአሮጌ ጫማ ሶል። ቱቦው አፉ ሲደፈን ውሃው መንገዱን ይይዛል፣ መንገዱ ሲሞላ ግቢ ይገባል። ሰኔ ሳይገባ መጠረግ የነበረበትን ዲች ነሐሴ ላይ በአካፋ መቆፈር ልፋት ብቻ ነው። ፈጣን ውሃ ጉልበት ሳይደርስም ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ትንሽ መኪና መግፋት ይችላል። መንገድ የሸፈነ ጎርፍ ውስጥ የሚገባ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ሥሩ አስፋልት ይኑር ጉድጓድ አያውቅም። አደጋ ከደረሰ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ነጻ ቁጥር 939 ነው።

ጭቃው ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ከቃሊቲ እስከ አቃቂና ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ በአብዛኛው መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ የሚያሳልፍ አይመስልም። ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር ቦቲ ያላደረገ ሰው ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ የሚወጣው በዚህ አፈር ምክንያት ነው፤ የአጥር ግንብ የሚሰነጠቀውም በየዓመቱ መሬቱ ከሥሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ነው። ጥንቃቄ ያለው ሠሪ መረሬውን ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ የሚሞላው ለዚህ ነው፣ ወጪው ቢከብድም። ለገበሬው ግን ይኸው ክፉ አፈር ባለውለታው ነው። ጤፍ እርጥበቱን ይችለዋል፣ በሐምሌ ይዘራል። ሽምብራ አይችለውም፤ ስለዚህ ገበሬው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይዘራዋል፣ ሰብሉም መረሬው በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ ለፍሬ ይበቃል።

ትንበያውስ? በግንቦት መጨረሻ የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን አጠቃላይ ትንበያ ያወጣል፤ ከዚያ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ ይከተላል። «ከመደበኛ በላይ» ወይም «ከመደበኛ በታች» ሲል የሚያወዳድረው ከብዙ ዓመታት አማካይ ጋር ነው። በመግለጫዎቹ ከአማካዩ ከ75 እስከ 125 በመቶ የሆነው መደበኛ ነው፤ «መደበኛ ዝናብ» ማለት ጥቂት ዝናብ ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ መደበኛው ራሱ ብዙ ነው።

የስልኩን መተግበሪያ በተመለከተ በሐምሌ ያን ያህል የሚረዳ አይደለም። ሰባቱንም ቀን ደመናና መብረቅ ይሥላል፤ ትክክል ነው፣ ግን ያንን ያለ ስልክም እናውቀዋለን። የምንፈልገው ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው ሰፈር የሚለውን ነው፤ ደመናው ጠባብ ስለሆነ ይህን ከአንድ ቀን በፊት በእርግጠኝነት መናገር ከባድ ነው። «60 በመቶ» ሲልም ከእንዲህ ዓይነት አሥር ቀናት በስድስቱ ይዘንባል ማለቱ ነው እንጂ የቀኑን 60 በመቶ ይዘንባል ማለቱ አይደለም። ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት ከሆነ ወደ እንጦጦ መመልከት ይሻላል።

ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ገለጥ ገለጥ ማለት መጀመሩ እውነት ነው፤ የፀሐይዋ ሰዓት ይጨምራል፣ ካፊያው ይቀንሳል፣ በየመንገዱ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይበዛል። ዝናቡ ግን እስከ መስከረም አጋማሽ አይለቅም፤ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ልጆች ዝናብ ውስጥ ወጥተው የሚጠመቁትም ዝናቡ ስላለ ነው። ለጎርፍ ደግሞ የሚያሠጋው ይኸው የመጨረሻው ወቅት ነው። ሰኔ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ የበጋው መሬት ብዙውን ይጠጣዋል። ያው 30 ሚሊ ሜትር በነሐሴ መጨረሻ ሲመጣ መረሬው ጠግቧል፣ ግድቦቹ ሞልተዋል፣ ወንዙም ቀድሞ ከፍ ብሏል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አቃቂ ድልድይ ይወርዳል። ወንዝ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ወረቀቱንና እህሉን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥበት፣ ማታ ማታም ወንዙን ሳያይ የማይተኛበት ጊዜ ይህ ነው።